ነፃ ሶፍትዌርና የዲስክ መለያ፦ የጥናት መረጃን በዲስክ ለሚያስቀምጡ ተመራማሪዎች

1. የጥያቄው መነሻ

ተመራማሪዎች የመስክ ድምፅ ቅጂዎችን፣ ፎቶግራፎችንና የመመረቂያ ጽሑፎችን በሲዲና በዲቪዲ ሲያስቀምጡ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። አዳዲስ ኮምፒውተሮች አብዛኛውን ጊዜ ያለ ዲስክ ማንበቢያ ቢሸጡም፣ በየትምህርት ክፍሉ ቁም ሣጥንና በየቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ የተከማቹት ዲስኮች ዛሬም የብዙ ጥናቶች ብቸኛ ማስረጃ ናቸው። ዲስክ ከመጽሐፍ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። መጽሐፍ ሽፋኑ ቢቀደድ ውስጡ ተገልጦ ማንነቱ ይታወቃል፤ ዲስክ ግን ማንበቢያ እስኪያገኝ ድረስ ስለ ራሱ የሚናገረው በላዩ የተጻፈውን ብቻ ነው። መለያው የደበዘዘ ወይም የተሳሳተ ዲስክ ይዘቱ ደኅና ሆኖ ሳለ ከጥናቱ ይለያል፤ ማን፣ መቼና የት እንደቀዳው የማይታወቅ ቃለ መጠይቅም በማስረጃነት ሊጠቀስ አይችልም።

በዚህ ምክንያት የዲስክ መለያን የሚነድፍና የሚጽፍ ነፃ ሶፍትዌር ከየት ይገኛል የሚለው ጥያቄ ከቴክኒክ ጉዳይነት ያለፈ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ እንደሚከተለው ነው፦ የመለያ ሶፍትዌር ሲመረጥ ያለ ክፍያ መገኘቱ በቂ መመዘኛ አይደለም፤ አሠራሩ ለተጠቃሚው ክፍት መሆኑም ሊታይ ይገባል። ለዚህም በሌዘር ምልክት የሚጽፉ ሁለት ዘዴዎችን በማነጻጸር ማስረጃ ይቀርባል፤ ቀጥሎም በነፃ ሶፍትዌር ብቻ ሊከናወን የሚችል አሠራር ይዘረዘራል። በተለየ ካልተገለጸ በቀር በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. «ነፃ» የሚለው ቃል ሁለት ፍች

በአማርኛ «በነፃ አገኘሁት» ሲባል ያለ ዋጋ ማለት ነው፤ «ነፃ ሰው» ሲባል ግን ባለ መብት፣ በሌላ ያልተገዛ ማለት ነው። ይኸው መንታ ፍች በሶፍትዌር ዓለም ብዙ መደናገርን ፈጥሯል። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 የግኑን ፕሮጀክት ይፋ ካደረገና በ1985 የነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንን ከመሠረተ ወዲህ፣ ነፃ ሶፍትዌር የሚለው ስያሜ አራት መብቶችን ለሚሰጥ ፕሮግራም ይውላል፦ ፕሮግራሙን ለማንኛውም ዓላማ መጠቀም፣ የምንጭ ኮዱን መመርመርና ማሻሻል፣ ቅጂውን ለሌላ ማካፈል፣ የተሻሻለውንም ቅጂ ማሠራጨት። ከዋጋ አንጻር ብቻ ነፃ የሆነው ፕሮግራም ከእነዚህ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን፣ እርሱንም በገደብ ነው።

ለዲስክ ሥራ የሚውሉ ፕሮግራሞች በሁለቱም ወገን ይገኛሉ። በዊንዶውስ ላይ የታወቁት ኢምግበርን እና ሲዲበርነር ኤክስፒ ያለ ክፍያ የሚገኙ ሲሆኑ የምንጭ ኮዳቸው ግን ዝግ ነው። በዚያው ሥርዓት የሚሠራው ኢንፍራሪኮርደር፣ በሊነክስ ላይ የሚሠሩት ኬ3ቢ፣ ብራዜሮ እና ኤክስኤፍበርን ደግሞ በነፃ ፈቃድ የወጡ ናቸው። በዕለት ተዕለት ሥራ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ላይታይ ይችላል፤ ሁለቱም ዲስኩን ይጽፋሉ። ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው አምራቹ ሥራውን ሲያቆም ነው።

3. ሁለት የሌዘር ዘዴዎች፣ ሁለት ዕጣዎች

ዲስክን የሚጽፈው ሌዘር ምልክትንም እንዲስል የማድረግ ሐሳብ በሁለት መንገዶች ገበያ ላይ ውሏል። የመጀመሪያው ያማሃ ሲአርደብሊው-ኤፍ1 በተባለው መጻፊያ በ2002 ያቀረበው ዲስክ ታቱ ነው። ይህ ዘዴ የተለየ ዲስክ አይፈልግም። መረጃ በሲዲ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚጻፍ፣ ዲስኩ ካልሞላ በውጨኛው ዙሪያ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ሌዘሩ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ፣ በመረጃው ገጽ በኩል፣ ሥዕል ወይም ጽሑፍ ይስላል። ጉድለቱ ግልጽ ነው፦ መረጃው በበዛ ቁጥር ለምልክቱ የሚተርፈው ቦታ ያንሳል።

ሁለተኛው ሂውሌት-ፓካርድ በ2004 ይፋ ያደረገውና በ2005 ለገበያ የበቃው ላይትስክራይብ ነው። በዚህ ዘዴ ዲስኩ የመለያው ገጽ በልዩ ቀለም የተቀባ መሆን አለበት። ተጠቃሚው መረጃውን ከጻፈ በኋላ ዲስኩን ገልብጦ ያስገባዋል፤ የሞገድ ርዝመቱ 780 ናኖሜትር የሆነው የሲዲ ሌዘርም ቀለሙን በሙቀት እየለወጠ፣ ከመካከል ወደ ዳር ክብ በክብ፣ ባለ አንድ ቀለም ምስል ይስላል። በዲስኩ እምብርት ዙሪያ ያሉት ምልክቶች መጻፊያው ዲስኩ በየት አቅጣጫ እንደተቀመጠ እንዲያውቅ ስለሚረዱት፣ ቀድሞ በተጻፈው ላይ ሌላ ጊዜ መጨመር ይቻላል። ሙሉ ገጽ የሚሸፍን ምስል 20 ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል፤ በውስጠኛው ቀለበት ብቻ የሚጻፍ ርእስ ግን በአጭር ጊዜ ያልቃል። ምልክቱ ለብርሃን ሲጋለጥ እየደበዘዘ ይሄዳል።

ለላይትስክራይብ የሚያስፈልገው ሶፍትዌር ያለ ክፍያ ይሰጥ ነበር። የሥርዓቱ መሠረታዊ ፕሮግራምና ቀላል የመለያ መንደፊያ ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊነክስ ቀርበው ነበር፤ ላሲ የተባለው ኩባንያም ለሊነክስ የራሱን የመለያ መጻፊያ አቅርቧል። ሁሉም ግን ምስልን ወደ ሌዘር ትእዛዝ በሚለውጠው በዚያው ዝግ ቤተ ኮድ ላይ የቆሙ ነበሩ። በነፃ ፈቃድ የተሠራው ኪውኤልስክራይብ እንኳ የነፃነቱ ወሰን እስከ መስኮቱ ብቻ ነበር፤ ከሥሩ የሚጠራው ሞተር ዝግ ነውና። ኩባንያው ቴክኖሎጂውን ሲተው፣ ከ2013 ገደማ ወዲህም ይፋዊው የማውረጃ ገጽ ሲዘጋ፣ ደኅና መጻፊያና ያልተነካ ዲስክ በእጁ ያለው ተጠቃሚ ሌሎች ያስቀሩትን አሮጌ ቅጂ ለመፈለግ ተገደደ። የተገኘውም ቅጂ ከአምራቹ ዘንድ ስላልመጣ ያልተነካካ ስለመሆኑ ማረጋገጫ የለውም፤ ከአዲስ የኮምፒውተር ሥርዓት ጋር ባይስማማም የሚያስተካክለው አይኖርም።

ከዚህ ጋር የዲስክ ታቱን ዕጣ ማነጻጸር ያስተምራል። የያማሃው መጻፊያ ዕድሜ አጭር ነበር፤ ይሁን እንጂ ሲዲሪከርድ የተባለው ክፍት የዲስክ መጻፊያ ፕሮግራም የዲስክ ታቱን ትእዛዞች በምንጭ ኮዱ ውስጥ አካትቷል። የፕሮግራሙ መመሪያ አሠራሩን በዝርዝር ይገልጻል፦ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ባይት ይያዝለታል፤ ወርዱ 3744 ነጥብ፣ ቁመቱም እንደ ቀሪው ባዶ ቦታ ከ320 እስከ 660 ነጥብ ይሆናል፤ ከመረጃው ገጽ በኩል እንዲነበብም እንደ መስታወት ምስል ተገልብጦ መዘጋጀት አለበት። ስለዚህ ያ መጻፊያ በእጁ ያለ ሰው አምራቹን ሳይጠይቅ ዛሬም ሊሠራበት የሚያስችለው ዕውቀት አልጠፋም።

የሲዲሪከርድ ታሪክ ሌላም ነገር ያሳያል። በ2006 ዴቢያን የተባለው የሊነክስ ሥርጭት በፕሮግራሙ የፈቃድ ለውጥ ላይ ከደራሲው ጋር ሳይስማማ ቀረ፤ ይሁን እንጂ ተጠቃሚዎቹ ያለ መሣሪያ አልቀሩም። የቀድሞው ፈቃድ በሰጠው መብት መሠረት ሲዲአርኪት የተባለ ቅርንጫፍ ተከፍቶ ሥራው ቀጠለ። በዝግ ሶፍትዌር እንዲህ ያለ አለመግባባት ሲከሠት ለተጠቃሚው የሚተርፈው መጠበቅ ብቻ በሆነ ነበር።

4. ዲስኩን ሳይጎዱ መለያ መሥራት

የሌዘር ዘዴዎች ልዩ መጻፊያ ወይም ልዩ ዲስክ ስለሚሹ፣ ዛሬ ለአብዛኛው ተመራማሪ ተግባራዊ የሚሆነው መለያውን በኮምፒውተር ነድፎ በአታሚ ማውጣት ነው። የትኛው ዓይነት ኅትመት እንደሚመረጥ ለመወሰን ግን የዲስኩን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

ሲዲ 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። አብዛኛው ውፍረቱ ሌዘሩ የሚያልፍበት ፖሊካርቦኔት የተባለ ፕላስቲክ ነው። መረጃውን የያዘው ንብርብርና አንጸባራቂው ብረት የሚገኙት በመለያው ገጽ በኩል፣ ከስስ የቫርኒሽ ሽፋን ሥር ነው። ስለዚህ ብዙዎች ከሚገምቱት በተቃራኒ የሲዲ ደካማ ጎን የሚያብረቀርቀው ሳይሆን የሚጻፍበት ገጽ ነው። ዲቪዲ ግን እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊ ሜትር ከሆኑ ሁለት ሳሕኖች ተጣብቆ ስለሚሠራ መረጃው በመካከል ተጠብቆ ይቀመጣል።

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያው ምክር በሙጫ የሚጣበቅ ስቲከርን በጥናት ዲስክ ላይ አለመለጠፍ ነው። ስቲከሩ ሲላጥ ከሲዲው ብረቱን ይዞ ሊነሣ ይችላል፤ ወረቀቱ እርጥበት ሲስብና ሲደርቅ ዲስኩን ሊያጣምም ይችላል፤ ከመካከል ትንሽ ዞር ብሎ ከተለጠፈም ዲስኩ በፍጥነት ሲሽከረከር ሚዛኑን ያሳጣዋል። ፍሬድ ባየርስ ለአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም አዘጋጅቶት በ2003 የወጣው የሲዲና የዲቪዲ አያያዝ መመሪያም ለረጅም ጊዜ በሚቀመጥ ዲስክ ላይ የሚጣበቅ መለያ እንዳይውል ይመክራል። በእጅ ሲጻፍም በእስክሪብቶና በእርሳስ ፈንታ ጫፉ ለስላሳ የሆነ፣ ቀለሙ ውኃ ነክ የሆነ ማርከር መጠቀም፣ ቢቻልም መረጃ በሌለበት፣ ብርሃን በሚያሳልፈው የውስጥ ቀለበት ላይ መጻፍ ይመረጣል።

የቀሩት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ገጹ ለቀለም ኅትመት የተዘጋጀ ዲስክን፣ የዲስክ ትሪ ባለው አታሚ ላይ በቀጥታ ማተም ነው። ጉተንፕሪንት የተባለው ነፃ የአታሚ ሾፌር ይህን ሥራ በብዙ አታሚዎች ላይ ያስችላል። ሁለተኛውና ርካሹ መንገድ በዲስኩ ላይ አጭር መለያ ቁጥር ብቻ በማርከር ጽፎ፣ ሙሉውን መግለጫ በዲስኩ ሣጥን ውስጥ ሳይጣበቅ በሚገባ፣ እያንዳንዱ ጎኑ 12 ሴንቲ ሜትር በሆነ ወረቀት ላይ ማተም ነው። ለአነስተኛ ክምችት ሁለተኛው በቂ ነው።

ለንድፉ ኢንክስኬፕ የተባለው ነፃ የሥዕል ፕሮግራም ተስማሚ ነው። በገጹ ላይ 120 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብና በመካከሉ 15 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ይሣላሉ፤ ጽሑፉም 46 እና 116 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው ሁለት ረዳት ክቦች መካከል እንዲውል ይደረጋል። ንድፉ የሚቀመጥበት ኤስቪጂ የተባለው ቅርጸት በግልጽ ጽሑፍ የተጻፈና ዝርዝሩ ለሁሉም የታተመ በመሆኑ ሌላ ፕሮግራምም ሊከፍተው ይችላል።

ዲስኮቹ ብዙ ሲሆኑ ግን አንድ በአንድ መንደፍ አድካሚ ከመሆኑም በላይ ለስሕተት ይዳርጋል። ጂሌብልስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ለሲዲና ለዲቪዲ የተዘጋጁ ልኮች ያሉት ሲሆን፣ በሠንጠረዥ ከተጻፈ መዝገብ እየወሰደ ለእያንዳንዱ ረድፍ አንድ መለያ ያወጣል። ተመራማሪው የክምችቱን መዝገብ በሊብሬኦፊስ ሠንጠረዥ ከያዘ፣ በነጠላ ሰረዝ በተለያየ የጽሑፍ ቅርጸት አስቀምጦ ለጂሌብልስ መስጠት ነው የሚጠበቅበት። በዚህ አሠራር መለያውና መዝገቡ ከአንድ ምንጭ ስለሚወጡ እርስ በርሳቸው አይጣረሱም።

5. በዲስኩ ውስጥ የሚጻፈው ስም

ዲስክ ከውጭው መለያ ሌላ፣ በኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የሚታይ የውስጥ ስምም አለው። ይህ ስም ዲስኩ ሲጻፍ አብሮ የሚቀመጥ ስለሆነ አይደበዝዝም፤ ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ቸል ስለሚባል ዲስኮች ሁሉ መጻፊያው ፕሮግራም በሰጣቸው ተመሳሳይ ስም ይቀራሉ።

ለአማርኛ ተጠቃሚ እዚህ ላይ ትኩረት የሚሻ ነገር አለ። አይኤስኦ 9660 የተባለው የዲስክ ደረጃ ለውስጥ ስም 32 ቦታ ቢሰጥም የሚቀበለው የላቲን ትልልቅ ፊደላትን፣ አኃዞችንና የሥር ሰረዝን ብቻ ነው። ጆሊየት የተባለው ማስፋፊያው ግን ስሙን በዩኒኮድ ስለሚይዝ የግዕዝ ፊደልን ይቀበላል፤ ወሰኑም 16 ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል አንዱ ምልክት ተነባቢንና አናባቢን አብሮ ስለሚይዝ 16 ቦታ ከሚገመተው በላይ ይበቃል። ለምሳሌ «የጎንደር ቃለ መጠይቅ 07» የሚለው ስም ክፍት ቦታዎቹ ተቆጥረው በትክክል 16 ነው። የሙዚቃ ሲዲ ርእሶችን የሚይዘው ሲዲ-ቴክስት ግን ለላቲንና ለጃፓን ፊደላት የተሠራ ስለሆነ ግዕዝን አያስተናግድም፤ የአማርኛ ዜማዎች ስም በዚያ መንገድ እንዲታይ ከተፈለገ በላቲን ፊደል መጻፉ ግድ ነው።

ኬ3ቢና ብራዜሮ ከመጻፍ በፊት የውስጡን ስም ለመወሰን ያስችላሉ። ኬ3ቢ ከጻፈ በኋላም የተጻፈውን ከምንጩ ጋር አስተያይቶ እንዲያረጋግጥ ሊታዘዝ ይችላል፤ ይህ እርምጃ ጊዜ ቢወስድም ሊዘለል አይገባም። በዲስኩ ላይ የፋይሎቹ ዝርዝርና ኤስኤችኤ-256 በተባለው ስልት የተሰላ የእያንዳንዱ ፋይል የማረጋገጫ ቁጥር በቀላል ጽሑፍ ቢቀመጥ፣ ከዓመታት በኋላ ዲስኩን የሚከፍት ሰው ይዘቱ እንዳልተበላሸ ማወቅ ይችላል።

6. ዓመተ ምሕረትና ፎንት

በኢትዮጵያ የተዘጋጁ ዲስኮችን ማንነት የሚያደናግሩ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም በንድፍ ጊዜ በቀላሉ ይወገዳሉ።

የመጀመሪያው ዘመን ነው። በአንድ ዲስክ ላይ «2003» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ፣ ቀረጻው የተካሄደው በ2003 ዓ.ም. ይሁን በኤውሮፓውያኑ 2003 አይታወቅም። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። ሲዲ በሁለቱም ጊዜ በሰፊው ይሠራበት ስለነበር የዲስኩ ዓይነት ጥርጣሬውን አይፈታም። የቃል ታሪክ ሰብሳቢ ወይም የዋጋ ለውጥን የሚያጠና ተመራማሪ በዚህ ምክንያት ብቻ መረጃውን ሊጥል ይችላል። ስለዚህ መለያው ሁልጊዜ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለውን ይያዝ፤ ቦታ ከተገኘ ሁለቱም ዘመኖች ቢጻፉ ይሻላል።

ሁለተኛው ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ያገለገሉ ፎንቶች የግዕዝን ምልክቶች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በእነዚህ ፎንቶች የተነደፈ መለያ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ጥርቅም ይሆናል። በነፃ ፈቃድ የወጡት አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ዩኒኮድን ይከተላሉ፤ ፈቃዳቸው ማካፈልን ስለሚፈቅድም የፎንቱን ፋይል ከንድፉ ጋር በዚያው ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። በባለቤትነት ፈቃድ የተያዙ ፎንቶች ይህን መብት አብዛኛውን ጊዜ አይሰጡም። የንድፉ የፒዲኤፍ ቅጂ ሲዘጋጅም ፎንቱ በውስጡ መካተቱ ይረጋገጥ።

7. ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ንጽጽር እንደሚያሳየው፣ ያለ ክፍያ የተሰጠ ዝግ ፕሮግራም የሚያገለግለው ባለቤቱ እስከፈቀደ ድረስ ነው፤ አሠራሩ የታወቀ ፕሮግራም ግን መሣሪያው ከገበያ ከወጣ በኋላም ይጠቅማል። ስለዚህ ለመለያ ሥራ ፕሮግራም የሚመርጥ ተመራማሪ ሦስት ጥያቄዎችን ቢጠይቅ ይበጀዋል። ንድፉ የሚቀመጥበትን ቅርጸት ሌላ ፕሮግራም ሊከፍተው ይችላልን? አዘጋጁ ሥራውን ቢያቆም ሌላ ሰው ሊቀጥለው ፈቃዱ ያስችላልን? ፕሮግራሙ ለሥራው የአንድ አምራች ዝግ አካል ያስፈልገዋልን?

ለተመራማሪው የሚበቃው አሠራርም አጭር ነው፦ አንድ መዝገብ፣ ከመዝገቡ የሚወጣ በሣጥኑ ውስጥ የሚገባ መለያ፣ በዲስኩ የውስጥ ቀለበት ላይ በማርከር የሚጻፍ ቁጥር፣ ያንኑ ቁጥር የያዘ የውስጥ ስም፣ የዘመን አቆጣጠሩ የተገለጸ ቀን። ይህ ሁሉ በኢንክስኬፕ፣ በጂሌብልስ፣ በሊብሬኦፊስና በኬ3ቢ ያለ ምንም የሶፍትዌር ወጪ ይከናወናል።

ላይትስክራይብ ያላቸው ዲስኮች በእጃቸው የሚገኙ ክፍሎች ጊዜ ሳይሰጡ መለያዎቹን ማንበብ፣ በመዝገብ ማስፈርና ዲስኮቹን ከብርሃን መከለል አለባቸው። ምልክቱ እየደበዘዘ ሲሄድ እንደገና የሚጽፍበት ፕሮግራም ማግኘቱ ከዓመት ዓመት እየከበደ ይሄዳልና፣ የዲስኮቹን ይዘት ወደ ሌላ ማከማቻ ማዛወሩም ከዚሁ ሥራ ጋር አብሮ ቢታቀድ ድካሙ አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል።